የሟች ያልተከፈለ የሕክምና ዕዳ

የሟች ያልተከፈለ የሕክምና ዕዳ ማለት አንድ ሰው በሕይወት ሳለ ለተሰጠው የምርመራ፣ የመድኃኒት፣ የአልጋ ወይም የቀዶ ሕክምና አገልግሎት መከፈል ሲገባው ሳይከፈል የቀረ፣ ሰውየው ከሞተ በኋላ የሚጠየቅ የገንዘብ ግዴታ ነው። በኢትዮጵያ ሕግ ይህ ዕዳ በሞት አይሰረዝም። ይሁን እንጂ የልጅ፣ የባል፣ የሚስት ወይም የአስታማሚ የግል ዕዳ በቀጥታ አይሆንም፤ በመጀመሪያ የሚጠየቀው ሟቹ ከተወው ንብረት ነው። ቤተሰብ ከራሱ ኪስ እንዲከፍል የሚገደደው ሌላ የሕግ ምክንያት ሲኖር ነው፤ ለምሳሌ ዋስ ሆኖ ፈርሞ ከሆነ ወይም ዕዳው የባልና ሚስት የጋራ ዕዳ ከሆነ።

ይህ ጽሑፍ ጉዳዩን በኢትዮጵያ ሕግና በተለይም በሀዋሳ ከተማ ካለው ሁኔታ ጋር አያይዞ ያብራራል።

የሀዋሳ ሁኔታ

ሀዋሳ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በሀዋሳ ሐይቅ ዳር የምትገኝ ከተማ ስትሆን በ2012 ዓ.ም. የተመሠረተው የሲዳማ ክልል ዋና ከተማ ናት። መሃል ከተማ ከክፍለ ከተሞቿ አንዱ ነው። በከተማዋ የሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ አጠቃላይ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልና አዳሬ ሆስፒታል ይገኛሉ፤ የግል ሆስፒታሎችና ክሊኒኮችም አሉ። ወደ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታሉ ከሲዳማ ወረዳዎች ብቻ ሳይሆን ከአጎራባች የደቡብ አካባቢዎችና ከኦሮሚያም ሕሙማን በሪፈር ይመጣሉ።

ይህ ለውርስ ጉዳይ ቀጥተኛ ውጤት አለው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 826 መሠረት ውርስ የሚከፈተው ሟቹ በሞተበት ጊዜ ዋና መኖሪያው በነበረበት ቦታ ነው። ስለዚህ የመሃል ከተማ ነዋሪ ቢሞት ውርሱ የሚከፈተው በሀዋሳ ነው። ከይርጋለም ወይም ከአለታ ወንዶ በሪፈር መጥቶ በሀዋሳ ሆስፒታል የሞተ ሰው ግን ውርሱ የሚከፈተው በመኖሪያው እንጂ በሞተበት ሆስፒታል ከተማ አይደለም። ዕዳው ሀዋሳ፣ ውርሱ ሌላ ቦታ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

የሕግ መሠረት

የጉዳዩ ዋና ሕግ በአዋጅ ቁጥር 165/1952 የወጣውና ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ሕጉ ከአንቀጽ 826 ጀምሮ ስለ ውርስ፣ ከአንቀጽ 2639 ጀምሮ ደግሞ ስለ ሕክምና ውል ይደነግጋል። በሕክምና ውል ሐኪሙ ወይም የሕክምና ተቋሙ ለታካሚው ተገቢውን ሕክምና ለመስጠት ይገባል፤ በምላሹም ዋጋ ይከፈለዋል። ሐኪሙ ጥረት ሊያደርግ እንጂ ሊያድን ግዴታ ስለማይገባ፣ ታካሚው መሞቱ ብቻውን የአገልግሎቱን ዋጋ ቀሪ አያደርገውም። ቤተሰብ በሕክምናው ላይ የጥፋት አቤቱታ ካለው ያ ራሱን የቻለ ክርክር ነው።

አንቀጽ 826 የሟቹ መብትና ግዴታ፣ በሞት ከሚቋረጡት በቀር፣ ወደ ወራሾቹ እንደሚተላለፍ ይናገራል። የሕክምና ሂሳብ የገንዘብ ግዴታ ስለሆነ ከሚተላለፉት ውስጥ ነው። ይሁንና በአንቀጽ 942 መሠረት ውርሱ ተጣርቶ እስኪያልቅ ድረስ የሟቹ ንብረት ከወራሾቹ ንብረት የተለየ ሀብት ሆኖ ይቆያል። ሆስፒታሉ የሚጠይቀው ይህንን የተለየ ሀብት ነው፤ የወራሹን ደመወዝ፣ የወራሹን ቤት ወይም የወራሹን የባንክ ሂሳብ አይደለም። ማጣራቱ ካለቀ በኋላ ያልታወቀ ዕዳ ቢመጣም የወራሹ ኃላፊነት ከውርሱ ካገኘው ዋጋ አያልፍም።

ወራሽ ውርሱን የመቀበል ወይም የመተው ምርጫ አለው። ሕጉ ለዚህ ምርጫ አጭር የጊዜ ገደብ ያስቀምጣል። በዝምታ የቆየና በውርሱ ንብረት እንደ ባለቤት የተጠቀመ ሰው እንደተቀበለ ሊቆጠር ይችላል። በአንጻሩ ንብረት እንዳይጠፋ መጠበቅ፣ ከብት ማብላት ወይም ቤት መቆለፍ ብቻውን ውርስን እንደ መቀበል አይቆጠርም።

የውርስ አጣሪና የክፍያ ቅደም ተከተል

ውርስን ማጣራት ማለት ወራሾቹን መለየት፣ ንብረቱን መዝግቦ ማወቅ፣ ለሟቹ የሚከፈለውን መሰብሰብ፣ ከሟቹ የሚፈለገውን መክፈልና የተረፈውን ለማከፋፈል ማዘጋጀት ነው። ይህን የሚሠራው ሰው የውርስ አጣሪ ይባላል። ኑዛዜ በሌለበት ወራሾቹ ራሳቸው አጣሪ ይሆናሉ፤ አለመግባባት ሲኖር ፍርድ ቤት አጣሪ ሊሾም ይችላል።

አንቀጽ 1014 አጣሪው ከውርሱ ሀብት የሚከፍልበትን ተራ እንዲህ ያስቀምጣል፦

1. የሟቹ የቀብር ወጪ
2. ውርሱን የማስተዳደርና የማጣራት ወጪ
3. የሟቹ ዕዳዎች
4. ቀለብን የሚመለከቱ ዕዳዎች
5. በኑዛዜ የተሰጡ ስጦታዎች

የሆስፒታል ሂሳብ በ3ኛው ተራ ይገባል። የቀብር ወጪ ከዚያ ይቀድማል፤ ነገር ግን ከሟቹ የኑሮ ደረጃ ጋር የተመጣጠነ መሆን አለበት። የተዝካር ወጪ ከቀብር ወጪ ጋር አይቆጠርም። ስለዚህ ወራሾች ለተዝካር ድግስ ከውርሱ ገንዘብ አውጥተው ለሆስፒታሉ «ገንዘቡ ለቀብር አልቋል» ቢሉ ክርክሩ ላያስኬዳቸው ይችላል። ኑዛዜም ዕዳን አይቀድምም፤ ሟቹ ለአንድ ዘመዱ ገንዘብ ቢናዘዝ እንኳ ስጦታው የሚሰጠው ዕዳ ተከፍሎ ሲተርፍ ነው።

ሆስፒታሉ ጥያቄውን በፍርድ ቤት ለማቅረብ ጊዜ አለው። ለውል ግዴታዎች የተቀመጠው አጠቃላይ የይርጋ ጊዜ በአንቀጽ 1845 መሠረት 10 ዓመት ነው።

የባልና ሚስት ንብረት

ባለትዳር ሲሞት የጋራ ንብረቱ በሙሉ ውርስ አይሆንም። መጀመሪያ የትዳር ጓደኛው ድርሻ ይለያል፤ ውርስ የሚባለው የሟቹ ድርሻና የግል ንብረቱ ብቻ ነው። ዕዳውም እንዲሁ ይለያል። በ1992 ዓ.ም. በወጣው የፌዴራል የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) ለትዳር ጥቅም ሲባል የተገባ ዕዳ የባልና ሚስቱ የጋራ ዕዳ ነው፤ ለተጋቢዎቹና ለልጆቻቸው መተዳደሪያ የዋለ ዕዳ ከነዚህ አንዱ ነው። የቤተሰብ ሕግ የማውጣት ሥልጣን የክልሎችም ስለሆነ በየክልሉ የራሱ ሕግ ይታያል።

ልዩነቱ በቁጥር ሲታይ ግልጽ ይሆናል። አንድ ባለትዳር ሞተ እንበል። የጋራ ንብረቱ 400,000 ብር፣ የቀብርና የማጣራት ወጪው 40,000 ብር፣ የሆስፒታል ዕዳው 90,000 ብር፣ ሟቹ ለግል ጉዳዩ የተበደረው ደግሞ 150,000 ብር ነው።

የሆስፒታሉ ዕዳ የሟቹ የግል ዕዳ ነው ከተባለ፣ ሚስቲቱ 200,000 ብሯን ትወስዳለች። ከሟቹ 200,000 ብር 40,000 ሲቀነስ 160,000 ይቀራል። ጠቅላላ ዕዳው 240,000 ስለሆነ ንብረቱ አይበቃም፤ እኩል ደረጃ ያላቸው ባለገንዘቦች እንደ ዕዳቸው መጠን ሲካፈሉ ሆስፒታሉ 60,000፣ አበዳሪው 100,000 ብር ያገኛሉ። ልጆቹ ምንም አይወርሱም፤ የጎደለውን 80,000 ብር ግን ከኪሳቸው አይከፍሉም።

ዕዳው የጋራ ነው ከተባለ፣ 90,000 ብሩ በቅድሚያ ከጋራ ንብረቱ ይከፈላል። የቀረው 310,000 ለሁለት ሲካፈል ሚስቲቱ 155,000 ብር ይደርሳታል። ሆስፒታሉ ሙሉ ገንዘቡን ሲያገኝ እርሷ ከመጀመሪያው ስሌት 45,000 ብር ይቀንስባታል። በዚህ ምክንያት የዕዳው ዓይነት ከመጠኑ ባልተናነሰ ያከራክራል።

አስታማሚና ዋስ

በሕክምና ተቋም አልጋ ሲያዝ አስታማሚው ቅድሚያ ክፍያ እንዲያስይዝና ቅጽ እንዲፈርም መጠየቅ የተለመደ ነው። ታካሚው ሲሞት ጥያቄ የሚነሣው በዚህ ፊርማ ላይ ነው። ፊርማው ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ሊያመለክት ይችላል። አንደኛው፣ አስታማሚው የታካሚውን መግቢያ፣ አድራሻና ለሕክምናው የተሰጠውን ፈቃድ ማረጋገጡ ነው፤ ይህ የክፍያ ግዴታን አያስከትልም። ሁለተኛው፣ ታካሚው ካልከፈለ እኔ እከፍላለሁ የሚል ዋስትና ነው።

ዋስትና በግምት አይመሠረትም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1725 መሠረት በጽሑፍ መደረግ አለበት፤ በአንቀጽ 1922 መሠረት ደግሞ ግልጽ መሆንና ዋስ የሆነበትን ከፍተኛ የገንዘብ መጠን መግለጽ አለበት። መጠኑ ያልተጻፈበት የዋስትና ውል አይጸናም። ስለዚህ «የሚመጣውን ሂሳብ ሁሉ እከፍላለሁ» የሚል መጠን የሌለው ቃል እንደ ዋስትና ሲቀርብ በዚህ አንቀጽ ሊሞገት ይችላል። በተቃራኒው እስከ 50,000 ብር ዋስ ሆኖ የፈረመ ወንድም፣ ወራሽ ባይሆንም እንኳ፣ እስከዚያ መጠን ከራሱ ንብረት ይጠየቃል፤ ከፍሎም ከሆነ የከፈለውን ከውርሱ ሀብት የመጠየቅ መብት አለው።

በውርስ የማይገቡ ገንዘቦች

ሰው ሲሞት ለቤተሰቡ የሚመጣ ገንዘብ ሁሉ የሟቹ ንብረት አይደለም። ባለገንዘብ የማይደርስባቸው ዋና ዋናዎቹ የሚከተሉት ናቸው።

የጡረታና የጉዳት ካሳ፦ በአንቀጽ 828 መሠረት በሟቹ ሞት ምክንያት ለትዳር ጓደኛ ወይም ለዘመድ የሚከፈል ጡረታና ካሳ የውርሱ ክፍል አይሆንም።

የሕይወት መድን፦ ሟቹ ተጠቃሚውን በስም ካመለከተ ገንዘቡ በቀጥታ የተጠቃሚው ነው። ተጠቃሚ ካልተመለከተ ወደ ውርሱ ገብቶ ለዕዳ ሊውል ይችላል (አንቀጽ 827)።

የእድር ገንዘብ፦ እድር በመተዳደሪያ ደንቡ መሠረት ለቀብርና ለሐዘንተኛው ቤተሰብ የሚሰጠው ገንዘብ የአባላት መዋጮ እንጂ ሟቹ በሕይወቱ የያዘው ሀብት አይደለም። ለለቀስተኛ የሚመጣ የሰው እጅም እንዲሁ ለሐዘንተኛው የተሰጠ ነው። ብዙ ቤተሰቦች የሆስፒታል ቀሪ ሂሳብን በዚህ ገንዘብ ቢከፍሉም ይህን የሚያደርጉት በፈቃዳቸው ነው።

ሌላ ከፋይ ሲኖር

ዕዳው የሟቹ ነው ከመባሉ በፊት ሂሳቡን በሕግ የሚሸፍን ሌላ አካል አለመኖሩ ይጣራል።

ከክፍያ ነፃ የሆኑ አገልግሎቶች፦ በመንግሥት ጤና ተቋማት የወሊድ፣ የክትባት፣ የቤተሰብ ዕቅድ፣ የሳንባ ነቀርሳና የኤች አይ ቪ ሕክምናን የመሳሰሉ አገልግሎቶች ያለ ክፍያ እንዲሰጡ ተወስኗል።

የነፃ ሕክምና፦ መክፈል የማይችሉ ቤተሰቦች በቀበሌያቸው ተለይተው ማስረጃ ሲሰጣቸው ወጪያቸውን የአካባቢው አስተዳደር ይሸፍናል። ማስረጃው ለቤተሰቡ በስም የሚሰጥ ስለሆነ ሟቹ በዝርዝሩ ውስጥ መኖሩ ይታያል።

ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን፦ በ2003 ዓ.ም. በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በቀድሞው ደቡብ ክልል በሚገኙ 13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሮ የተስፋፋ ሥርዓት ነው። አባልነቱ በቤተሰብ ነው። ዓመታዊ መዋጮው የታደሰ ከሆነ፣ ውል ባለው ተቋምና የሪፈር ሥርዓቱን ተከትሎ የተሰጠ ሕክምና በመድኅኑ ይሸፈናል። ሪፈር ያልያዘ ወይም መታወቂያው ያልታደሰ ታካሚ ሲሞት ሂሳቡ ወደ ውርሱ የሚዞረው በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው።

የሥራ ላይ አደጋ፦ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በሥራ ላይ ጉዳት የደረሰበትን ሠራተኛ የሕክምና ወጪ የሚሸፍነው አሠሪው ነው። በ2008 ዓ.ም. ተመርቆ በተከፈተው የሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ብዙ ወጣት ሠራተኞች ስላሉ ይህ ድንጋጌ ለከተማዋ የቅርብ ጉዳይ ነው። ሠራተኛው በጉዳቱ ቢሞት ለጥገኞቹ የሚከፈለው ካሳ ከሕክምና ወጪው የተለየ ነው።

የተሽከርካሪ አደጋ፦ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ማንኛውም በተሽከርካሪ የተጎዳ ሰው በሕግ እስከተወሰነ የገንዘብ መጠን የሚደርስ አስቸኳይ ሕክምና የማግኘት መብት ተሰጥቶታል። ከዚያ በላይ ያለው የሕክምና ወጪ ከተሽከርካሪው የሦስተኛ ወገን መድን ይጠየቃል።

አስከሬንና ዕዳ

ዕዳ ሲቀር አስከሬን መያዝ ይቻላል ወይ የሚለው ጥያቄ በቤተሰብ ላይ ከሁሉ የከበደው ነው። የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ ለባለገንዘብ የሚሰጠው መብት በንብረት ላይ ነው። አስከሬን ደግሞ ንብረት አይደለም፤ አይሸጥም፣ ለመያዣም አይሰጥም። አንቀጽ 1014 የቀብር ወጪን ከማናቸውም ዕዳ ማስቀደሙ ቀብር ከዕዳ በፊት እንደሚመጣ ያሳያል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም የሟችን ሰላምና ክብር የሚነካ ድርጊትን ይቀጣል። ስለዚህ ተቋሙ ገንዘቡን የሚያገኘው አስከሬኑን አስረክቦ፣ ሂሳቡን ለወራሾች ወይም ለአጣሪው በማቅረብና ካልተከፈለው በፍርድ ቤት በመጠየቅ ነው።

ጥያቄው በሌሎች አገሮችም ቆይቶ የመጣ ነው። በ6ኛው መቶ ዘመን የቢዛንታይን ንጉሠ ነገሥት ዮስጢንያኖስ ባለገንዘቦች ቀብርን እንዳያውኩ በሕግ ከልክሏል። እ.ኤ.አ. በ1841 የእንግሊዝ ፍርድ ቤት የሞተ እስረኛን አስከሬን ዕዳ እስኪከፈል ይዞ የነበረ የወህኒ ኃላፊ እንዲያስረክብ አዟል። እ.ኤ.አ. በ1998 የኬንያ ፍርድ ቤት አስከሬን ለሆስፒታል ሂሳብ መያዣ ሊሆን እንደማይችል ወስኗል፤ ያም ሆኖ ድርጊቱ በተለያዩ የአፍሪካና የእስያ አገሮች መቀጠሉን እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የቻተም ሃውስ ጥናት አመልክቷል።

በሌላ በኩል የሆስፒታሎች ችግርም እውነተኛ ነው። በ1990 ዓ.ም. የጸደቀው የጤና ክብካቤ ፋይናንስ ስትራቴጂ ካስገኛቸው ለውጦች አንዱ የመንግሥት ጤና ተቋማት ከታካሚ የሚሰበስቡትን ገቢ ይዘው ለመድኃኒት፣ ለመሣሪያና ለጥገና እንዲያውሉት መፍቀዱ ነው። ሳይከፈል የሚቀር ሂሳብ ለሚቀጥለው ታካሚ የሚገዛውን መድኃኒት ይቀንሳል።

የአሠራር ቅደም ተከተል

በመሃል ከተማ የሚኖር ሰው በሆስፒታል ቢሞትና ሂሳብ ቢቀር ጉዳዩ አብዛኛውን ጊዜ በሚከተለው መንገድ ይሄዳል።

1. ዝርዝር ሂሳብ መቀበል፦ ቤተሰቡ ድምሩን ብቻ ሳይሆን የአልጋ፣ የላቦራቶሪ፣ የመድኃኒትና የቀዶ ሕክምና ዋጋን በየቀኑ የሚያሳይ ዝርዝር ይጠይቃል። የሟቹ ስምና የካርድ ቁጥር፣ የተያዘው ቅድሚያ ክፍያ መቀነሱ፣ ከውጭ ተገዝቶ የገባ መድኃኒት እንደገና አለመታሰቡ ይታያል።

2. ሞትን ማስመዝገብ፦ በወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ሞት በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። ሆስፒታሉ የሚሰጠው የሞት ማሳወቂያ ለምዝገባው ያገለግላል። የሞት የምስክር ወረቀቱ ለፍርድ ቤት፣ ለባንክና ለመድን ጉዳይ ይጠየቃል።

3. የወራሽነት ማስረጃ፦ ወራሾች በአንቀጽ 996 መሠረት ወራሽነታቸው እንዲረጋገጥ ለፍርድ ቤት ያመለክታሉ። ባንክ የሟቹን ገንዘብ የሚለቀው ይህ ማስረጃ ወይም የፍርድ ቤት ትእዛዝ ሲቀርብለት ነው። ሆስፒታሉ ክፍያ ሲጠብቅ የሚዘገየው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ስለሆነ፣ ማስረጃው እስኪወጣ የጊዜ ስምምነት ማድረግ ለሁለቱም ይጠቅማል።

4. ዕዳን መዝግቦ መክፈል፦ አጣሪው የሆስፒታሉን ሂሳብ ከሌሎች ዕዳዎች ጋር መዝግቦ በሕጉ ተራ ይከፍላል። ደረሰኙ በሟቹ ስም ሲሆን ከውርሱ መከፈሉን ያሳያል። አንድ ወራሽ ከኪሱ ከከፈለ፣ ደረሰኙ ድርሻ ሲከፋፈል ገንዘቡን ለማስመለስ ያገለግለዋል።

5. ማከፋፈል፦ ከዕዳ የተረፈው ለወራሾች ይከፋፈላል። ዕዳ ሳይጣራ የተከፋፈለ ንብረት በኋላ ክስ ሲመጣ ወራሾችን እርስ በርስ ያጋጫል።

የእምነትና የልማድ አመለካከት

በቀድሞው የኢትዮጵያ ልማድ ዕዳ ከንብረት ይልቅ በሰው አካል ላይ ይጠነክር ነበር፤ ባለገንዘብና ባለዕዳ ዕዳው እስኪከፈል በአንድ ሰንሰለት የሚታሰሩበት ቁራኛ የዚህ ምሳሌ ነው። የዛሬው ሕግ ጥያቄውን ወደ ንብረት አዙሮታል።

በእስልምና የውርስ ሥርዓት ከሟቹ ሀብት በቅድሚያ የቀብር ወጪ፣ ቀጥሎ ዕዳ፣ ከዚያ ከሲሶ የማይበልጥ ኑዛዜ፣ በመጨረሻም የወራሾች ድርሻ ይወጣል። በቀብር ጊዜ የሟቹ ዕዳ ካለ ቤተሰቡ ኃላፊነት መውሰዱም የተለመደ ነው። በኢትዮጵያ ተከራካሪዎቹ ሲፈቅዱ የውርስ ጉዳይ በሸሪዓ ፍርድ ቤት ሊታይ ይችላል። በክርስቲያን ቤተሰቦችም ሟቹ ዕዳ ተሸክሞ እንዳይቀር መፈለግ ጠንካራ ስሜት ነው። በዚህ ምክንያት ብዙ ቤተሰቦች በሕግ ከማይገደዱበት በላይ ይከፍላሉ። የሕጉ ገደብ ይህን አይከለክልም፤ በስሜት የሚደረገውን ክፍያ ግን ግዴታ አያደርገውም።

በሌሎች አገሮች

በአሜሪካ የሟች የሕክምና ዕዳ በመሠረቱ ከንብረቱ ይከፈላል። ሆኖም እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ ክፍለ ግዛቶች በሜዲኬይድ ለአረጋውያን የረጅም ጊዜ እንክብካቤ ያወጡትን ገንዘብ ከሟቹ ንብረት እንዲያስመልሱ ሕግ ያስገድዳቸዋል። በፔንስልቬንያ ልጅ ወላጁን እንዲረዳ የሚያስገድድ ሕግ ስላለ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 አንድ ፍርድ ቤት ልጅ የእናቱን የእንክብካቤ ሂሳብ እንዲከፍል ወስኗል። በጀርመን ወራሹ ከነዕዳው ይወርሳል፤ ውርሱን ለመተው በመደበኛነት ያለው ጊዜ 6 ሳምንት ነው። በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ወላጆቻቸው በሚኖሩበት አገርና በኢትዮጵያ ያለውን ሕግ ሳይለዩ ሲቀሩ በአንደኛው የሌለባቸውን ግዴታ ይከፍላሉ፣ ወይም በሌላኛው ያለባቸውን የጊዜ ገደብ ያሳልፋሉ።